ክትፎው ሙሉ ነጥብ፣ አምፖሉ ግን ይቀየር

ቦሌ አካባቢ ያለ ክትፎ ቤት ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ባለቤቶቹ ብዙ እንደለፉበት ያስታውቃል። ስለ ምግቡ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሥጋው ጅማት የለውም፣ ቅቤው ኮረሪማና ኮሰረት ይሸታል፣ ቆጮው ትኩስ ነው። በጣዕም በኩል ቅሬታ የለኝም።

ችግሩ ያለው ጣሪያው ላይ ነው። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ የተደረደሩት ሽፋን የሌላቸው ነጭ የኤልኢዲ አምፖሎች ናቸው፤ 6500 ኬልቪን ተብለው የሚሸጡት ዓይነት። ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ከቢጫ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ያዘዝነው ጥሬ ክትፎ ሲቀርብ ጠይሞ ወደ ግራጫ አድልቷል። አይቡም ሰማያዊ ነገር ነክቶታል። ጓደኛዬ አስተናጋጇን «እህት፣ ሥጋው የዛሬ ነው?» አላት። «ዛሬ ጠዋት የገባ ነው ጋሼ። ኑ፣ ውስጥ ሆናችሁ እዩት» ብላ ጣባውን አንስታ ወደ ጓዳው ክፍል ወሰደችን።

እዚያ ብርሃኑ ሞቅ ያለ ቢጫ ነው። ያው ክትፎ ቀላ፤ ቅቤው ጠርዙ ላይ ሲያብረቀርቅ ታየ። ምራቄን ዋጥኩ።

ዓይናችን ቀይ የሚያየው ከመብራቱ የወጣ ቀይ ብርሃን ሥጋው ላይ አርፎ ሲመለስ ነው። ርካሽ ነጭ ኤልኢዲ ደግሞ ደማቅ ቀይ ይጎድለዋል። ጥፋቱ የኬልቪኑ ብቻ አይደለም፤ የቀን ብርሃንም ወደ 6500 ኬልቪን ይጠጋል፣ ቀዩ ግን ሙሉ ነው። ስለዚህ አምፖል ሲገዛ ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ (CRI) የሚለውም ይታይ። የቀለም ታማኝነት መለኪያ ነው፤ ጣሪያው 100 ነው። ቀይ ወጥና ክትፎ ለሚያቀርብ ቤት ከ90 በታች አልመክርም። ቢጫ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው ማለትም አይደለም።

ሌላው ነጸብራቁ ነው። እርቃኑን ያለ አምፖል ፊት ለፊት ሲወጋን የዓይናችን ብሌን ይጠባል፤ ገበታው ይብስ የጨለመ ይመስላል። አምፖል መጨመር አይፈታውም፤ መሸፈን ነው። ከአናት ብቻ የሚወርድ ብርሃን ደግሞ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል፤ አብሮን የሚበላው ሰው የደከመው ይመስላል። ግድግዳው ላይ ለስለስ ያለ መብራት ቢታከል ፊት ይፈካል።

መግቢያው ላይ ያለችውን ደረጃም አደራ። ከቀትር ፀሐይ ወደዚያ ጨለማ ኮሪደር ለሚገባ ሰው ዓይኑ እስኪለምድ አትታይም። ሽማግሌ ይዞ ለሚመጣ አደገኛ ናት፤ ዛሬውኑ መብራት ይደረግላት።

ለምሳ ከሄዳችሁ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ለእራት ከሆነ የጓዳውን ክፍል ጠይቁ፤ ጠባብ ስለሆነ ቀድማችሁ ደውሉ።