የዋሽንግተን ዲሲ የፍሳሽ ዋሻ በነዋሪ ዓይን

ከዋሽንግተን ዲሲ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ዛሬም የዝናብ ውሃና የቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ የሚሄዱበትን፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ መስመር ይጠቀማል። በዚህ ምክንያት ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ትርፉ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ የኖረ ሲሆን፣ እንደ ብሉሚንግዴል ባሉ ዝቅተኛ ሰፈሮች ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በተደጋጋሚ እንደታየው፣ የነዋሪዎችን ምድር ቤት ያጥለቀልቅ ነበር።

የከተማዋ የውሃና ፍሳሽ ድርጅት የሆነው ዲሲ ዎተር እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ያስጀመረው የሰሜን ምሥራቅ ባውንደሪ ዋሻ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 7 ሜትር ያህል ስፋት አለው። ፍሳሹን ዝናቡ እስኪያባራ አቁሮ ወደ ብሉ ፕሌንስ ማጣሪያ የሚያደርስ በመሆኑ፣ ከቀደሙት ዋሻዎች ጋር ተጣምሮ ወደ አናኮስቲያ ወንዝ የሚገባውን ትርፍ 98 በመቶ እንዲቀንስ ታስቦ ተሠርቷል። ለእኔ ይህ ከተማዋ ለነዋሪዎቿ ከሠራቻቸው ሥራዎች ሁሉ እጅግ የሚያስመሰግናት ነው፤ ከመሬት በታች ስለሆነ ብቻ ሊዘነጋ አይገባም።

ወጪው ግን በየወሩ ሂሳብ ላይ የሚታይ ነው፤ ክፍያው በአብዛኛው የሚሰላው ውሃ በማያሰርገው የጣሪያና የንጣፍ ስፋት እንጂ በተጠቀምነው ውሃ ልክ ብቻ አይደለም። ይህንን ለማያውቅ ሰው፣ በተለይም ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላላቸው ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ ሂሳቡ ግራ የሚያጋባ ስለሆነ፣ ስሌቱን በአማርኛ ጭምር በምሳሌ ማስረዳት ያስፈልጋል። ወደ ፖቶማክ ወንዝ የሚገባውን ትርፍ ለመቀነስ የሚሠራው የፖቶማክ ዋሻ ቁፋሮም ገና ስላላለቀ፣ የትኛው መንገድ መቼ እንደሚዘጋ አስቀድሞ ቤት ለቤት ሊነገር ይገባል።