ደብረ ብርሃን ላይ የሚሰጠው የስፖርት ጉዳት መከላከል ሥልጠና ያዋጣል?

ሸዋሮቢት ላይ የሴት ታዳጊዎች እግር ኳስ ቡድን አሠለጥናለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ቅዳሜና እሁድ የሚሰጠውን የጉዳት መከላከል ሥልጠና ሁለት ተጫዋቾቼን ይዤ ሄጄ ወስጃለሁ። "ብሩ ያዋጣል ወይ?" እያላችሁ የጠየቃችሁኝ አሠልጣኞች ብዙ ናችሁ። አዎ፣ ያዋጣል። የሚጎድለው ነገርም አለ፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ መምህሩ። ሥራ የጀመረው በወጌሻነት ነው። ቦርሳውን ይዞ ሜዳ ዳር ሲቀመጥ የኖረ ሰው ነው። ያንኑ ልጅ፣ ያንኑ ቁርጭምጭሚት ደጋግሞ ማሰር አንገበገበኝ ይላል። ከዚያ ስፖርት ሳይንስ ተማረ፣ ማስተርሱን በጉዳት መከላከል ላይ ሠራ። አሁን ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ዶክትሬቱን እየሠራ ነው። ሥልጠናው ላይ ሁለቱም ሕይወቱ ይታያል። አንድ ጥናት ከጠቀሰ ሳይውል ሳያድር "እስቲ ተነሺና አሳዪን" ይላል።

ጠዋቱ ሜዳ ላይ ነው። መነሻው ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው ማሟሟቂያ ነው። 15 እንቅስቃሴዎች፣ 3 ክፍሎች፣ በጥቅሉ 20 ደቂቃ ገደማ። መጀመሪያ ዘና ያለ ሩጫ፣ መሃል ላይ የጥንካሬ፣ የሚዛንና የዝላይ ሥራ፣ ማሳረጊያው ፈጠን ያለ ሩጫ ነው። በሳምንት ቢያንስ 2 ጊዜ መሠራት አለበት። የጨዋታ ቀን መሃለኛው ክፍል ይቀራል። ጂም አይፈልግም፣ ውድ ዕቃ አይፈልግም። ለእኛ ዓይነቱ ቡድን ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ማስረጃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የኖርዌይ ጥናት የተሠራው ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሴት ተጫዋቾች ላይ ነው። 1,892 ልጆች ለአንድ የውድድር ዘመን ክትትል ተደርጎባቸዋል። ማሟሟቂያውን በሠሩት ዘንድ ጠቅላላው ጉዳት በሲሶ ገደማ፣ ከባዱ ደግሞ ወደ ግማሽ በተጠጋ መጠን ያነሰ ነበር። ስለ ሴት ልጆች የተሠራ ነገር ፈልጎ የሚያመጣልን ሰው ስንት ዘመን ጠብቀናል!

አንዷ ተጫዋቼ፣ የግራ ክንፏ፣ ዘላ ስታርፍ ሁለቱ ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ ይገባሉ። መምህሩ አልተቆጣትም። ጓደኛዋን ፊት ለፊቷ አቆመና "አንቺ ሌላ ነገር አትመልከቺ፣ ጉልበቷን ብቻ" አላት። ዘለለች። "ገባ!" አለች ጓደኛዋ። ደገመች። "አሁንም ገባ!" ዳሌዋንና ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ፣ መሬቱን ሳታስጮህ እስክታርፍ ድረስ ቀጠሉ። ከዚያ ቦታ ተቀያየሩ። የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ማንም ሳይነካን ነው፤ ስናርፍ ወይም ድንገት አቅጣጫ ስንቀይር። ሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። አሁን ልጆቼ እኔ ሳልናገር እርስ በርስ ይተያያሉ።

ሌላው ትልቅ ነገር የጉዳት መመዝገቢያ ደብተሩ ነው። ቪለም ቫን ሜኸለን የሚባል ኔዘርላንዳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ባለ 4 ደረጃ አሠራር አለ። ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ መዝግብ፣ መንስኤውን እወቅ፣ መከላከያ አምጣ፣ ከዚያ ተመልሰህ ቆጥረህ ለውጥ መኖሩን አረጋግጥ። መምህሩ ይህንን ለሜዳ እንዲሆን አድርጎታል፦ ማን ተጎዳ፣ የትኛው እግር፣ ምን ስትሠራ፣ ስንት ቀን ቀረች፣ አዲስ ነው ወይስ ያገረሸ። የመጨረሻዋን ጥያቄ አጥብቆ ይይዛል። ቀድሞ የተጎዳ ቦታ መልሶ ለመጎዳት ቅርብ ነውና። እኔ ደብተሩን ከያዝኩ ወዲህ ወለምታው የሚበዛው ልምምድ መጨረሻ ላይ፣ ልጆቹ ሲደክሙ እንደሆነ አየሁ። የልምምድ ግጥሚያውን ሳይደክሙ እንዲጫወቱት ቀደም አደረግሁት፤ ማሳረጊያው ቀለል ያለ የኳስ ቅብብል ሆነ።

ትኩስ ወለምታን በቅቤም በቫዝሊንም ማሸት እንደሌለብን ሲናገር አዳራሹ ተንጫጫ። እሱ ግን አልተወውም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እረፍት፣ ቅዝቃዜ፣ በፋሻ ማሰርና እግርን ከፍ ማድረግ። በረዶ የለም ላሉት፣ ፍሪጅ ያለው ሱቅ ውስጥ የሃይላንድ ውሃ አስረግቶ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ ይበቃል አለ።

አሁን ቅሬታዬ። የከሰዓቱ የክፍል ትምህርት የተጣደፈ ነው። የሚታደለው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ በአማርኛ ጥርት አድርጎ ያስረዳል፣ ቤት ስንገባ ግን እጃችን ላይ የሚቀረው ወረቀቱ ነው። የወረዳ አሠልጣኝ ይህ ይገባዋል? አማርኛው መዘጋጀት አለበት፣ ያውም ቶሎ። ሌላው፣ ደብረ ብርሃን የሯጭ አገር ሆኖ ሳለ ስለ ሩጫ የተነገረው ጥቂት ነው። የቅልጥም ሕመምና ከልምምድ ብዛት የሚመጣው የአጥንት መሰንጠቅ ለብቻቸው ግማሽ ቀን ይገባቸው ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት የአትሌቲክስ አሠልጣኞች ከፍቷቸው ነው የወጡት።

ክፍያው ለአንድ ሰው 700 ብር ነው፤ ምሳ የለውም። ከሥልጠናው በኋላ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። ቪዲዮ ከላካችሁለት መምህሩ ማታ ማታ አይቶ ይመልሳል።

ከቆላ የምትመጡ ጃኬት ያዙ፤ ጣርማበርን ካለፋችሁ በኋላ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ሜዳው ደረቅ ስለሆነ ከታኬታ ይልቅ ስኒከር ይሻላል። ከቻላችሁ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ቢያንስ አንድ ተጫዋች ይዛችሁ ሂዱ። ቡድኑ ውስጥ ቃሏ የሚሰማውን ምረጡ፤ ስትመለስ ለሌሎቹ የምታሳየው እሷ ናት።