ለጥልቅ ውሃ ጉድጓድ የትኛው ስክሪን ይሻላል?

በገላን፣ በሰበታ፣ በሱሉልታና በለገጣፎ ዙሪያ ጥልቅ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ስለ ፓምፑ ብዙ ይጠይቃል፤ ውሃው በሚገባበት ክፍል የሚወርደውን ስክሪን፣ ማለትም ውሃ አሳልፎ አሸዋ የሚያስቀረውን ባለ ቀዳዳ ቧንቧ፣ ግን ለቆፋሪው ይተዋል። የአካባቢው መሬት እሳተ ገሞራ ወለድ በመሆኑ በተሰነጣጠቀው ባዛልትና በስኮሪያው (ብዙ ቀዳዳ ባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) መካከል ልል አመድና አሸዋ ሊያጋጥም ይችላል፤ ስክሪኑ ካላስቀረው ከውሃው ጋር ወጥቶ የፓምፑን ኢምፔለር (ውሃውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ ክፍል) ይበላል፣ ጉድጓዱንም ከሥር እየሞላ ያሳጥረዋል።

በጋዝ እሳት የተቀደደ ብረት በየጋራዡ ስለሚሠራ ርካሽ ነው። ቀዳዳው ወጥ ስፋት የለውም፣ ጠርዙም ቶሎ ይዝጋል፤ ልል አሸዋ ባለበት ቦታ በነጻም ቢሰጥ አልመክረውም።

ፒቪሲ አይዝግም፤ በፋብሪካ የተቆረጠው ቀዳዳም እኩል ነው። ሆኖም ክፍት ቦታው ብዙውን ጊዜ ከቧንቧው ገጽ አንድ አሥረኛ ስለማይበልጥና ግድግዳው በጥልቀት የሚበዛውን ግፊት እንደ ብረት ስለማይችል፣ ለመኖሪያ ግቢና ለመጠነኛ ፍጆታ ይበቃል እንጂ ለፋብሪካ አይሆንም።

በሽቦ የተጠመጠመው የማይዝግ ብረት ስክሪን ከሁሉም ውድ ነው። ሽቦው ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ክፍተቱ ከውጭ ጠቦ ወደ ውስጥ ይሰፋል፤ ያለፈች ቅንጣት መሐል ላይ አትሰነቀርም። ክፍት ቦታው ከፒቪሲ እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ብዙ ውሃ ሲሳብም የመግቢያው ፍጥነት በተለምዶ ከሚመከረው በሰከንድ 3 ሳንቲሜትር ሳያልፍ ይቀራል። ውሃ አዘል በሆኑት ንብርብሮች ላይ ብቻ ቢገባ ወጪው ይቀንሳል፤ ከተራ ብረት ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ግን መጋጠሚያው ላይ ተራው ብረት ፈጥኖ ይበላል።

ስክሪኑ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን በዙሪያው የሚሞላው ጠጠር ካልተመጠነ አያድንም። አሸዋውን የሚያስቀረው ጠጠሩ ሲሆን፣ ጠጠሩን የሚይዘው ደግሞ የስክሪኑ ቀዳዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቁፋሮው የወጣው ናሙና በወንፊት ተለክቶ የጠጠሩ ቅንጣት ከአሸዋው ቅንጣት ከ4 እስከ 6 እጥፍ የሚተልቅ፣ ቀዳዳው ደግሞ ከጠጠሩ 90 በመቶውን የሚያስቀር ይሁን። ከካባ የመጣ ስለታም ጠጠር አይቀበሉ፤ ድቡልቡልና የታጠበ ይጠይቁ። በየጎኑ 7.5 ሳንቲሜትር ጠጠር እንዲገባ፣ 20 ሳንቲሜትር ቧንቧ ቢያንስ 35 ሳንቲሜትር የሚሰፋ ጉድጓድ ይፈልጋል።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት፣ ፓምፑ ቆሞ እንደገና ሲነሳ የሚወጣውን የመጀመሪያ ውሃ በነጭ ባልዲ ቀድተው እስኪጠል ይተዉት፤ ከሥሩ አሸዋ ከቀረ ጉድጓዱ በኮምፕሬሰር እንደገና እንዲታጠብ ያድርጉ።