አይጧ ዝም አለች እንጂ መድኃኒቱ ሠራ ማን አለ? የባይፖላር መድኃኒት መፈተሻዎች ግምገማ

ለባይፖላር (ሰውን አንዴ ወደ ማኒያ ማለትም ከልክ ያለፈ መነቃቃት፣ አንዴ ወደ ድብርት ለሚወስደው የአእምሮ ሕመም) ይሆናል ብለን ተስፋ የጣልንበትን ውህድ አይጥ ላይ እንዲሞክርልን ለአንድ ቤተ ሙከራ ከፍለን ሰጠን። ስሙን አልጠራም። ሪፖርቱ በሰዓቱ መጣ፣ ግራፎቹም ያምራሉ። ስናነበው ግን ሆድ የሚሞላ ነገር አጣንበት።

የመጀመሪያው ፈተና አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ነው። አይጧን ይወጓትና ባዶ ሳጥን ውስጥ ይለቋታል፤ ከላይ ካሜራ አለ፣ ስንት ሜትር እንደሮጠች ኮምፒውተር ይቆጥራል። ሐሳቡ ማኒያ የያዘውን ሰው መቀመጫ ማጣት ለመምሰል ነው። የታወቀው የባይፖላር መድኃኒት ሊቲየም ሩጫውን ይቀንሳል፣ እሺ። የሳይኮሲስ መድኃኒቱ ሃሎፔሪዶልም ይቀንሳል። እንቅልፍ የሚያስይዝ ነገር ሁሉ ይቀንሳል! «ሩጫው በግልጽ ቀንሷል» ብለው ጽፈውልናል፤ ቪዲዮውን ለምነን ስናየው አይጧ ጥግ ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። ያለ አምፌታሚን የኛን ውህድ ብቻ የወሰደ ቡድን ቢኖር ይሄ ወዲያው ይታወቅ ነበር። አልነበረም። ይሄ ቡድን የሌለበት ፓኬጅ ከሆነ አትክፈሉ።

በነገራችን ላይ መፍዘዝን ከመዳን ጋር ማምታታት የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ውጤቱን ያሳተመው አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ጊኒ ፒጎችን ሊቲየም ሲወጋቸው ረጋ አሉ፣ በጀርባቸው ቢያጋድማቸውም አልተንፈራገጡም። ከዚያ ለሰው ሰጠው፣ ሠራ። እንስሳቱ ግን የረጉት መጠኑ በዝቶባቸው ታመው ሊሆን ይችላል የሚሉ ብዙ ናቸው። ዕድል ካለ እንዲህ ነው።

ሁለተኛው አይጧ በግድ እንድትዋኝ የሚደረግበት የግዴታ ዋና ነው፣ ከ1977 ጀምሮ ያለ። አይጧን ውኃ የሞላበት ሲሊንደር ውስጥ 6 ደቂቃ ያቆዩዋትና በመጨረሻዎቹ 4 ደቂቃዎች ምን ያህል ሳትዋኝ እንደተንሳፈፈች ይለካሉ። ብዙ ከተንሳፈፈች «ተስፋ ቆርጣለች» ይባላል። ተስፋ ትቁረጥ ጉልበቷን ትቆጥብ ማን ጠይቋት? ለባይፖላር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የድብርት መድኃኒት አንዳንዱን የባይፖላር ታማሚ ወደ ማኒያ ይገፋዋል፤ ይሄ ፈተና ግን እንዲህ ያለውን መድኃኒት ነው በሙሉ ነጥብ የሚያሳልፈው። አምፌታሚን ራሱ ያልፋል።

እንግዲህ አንዱ ፈተና ለሚያስተኛ ነገር፣ ሌላው ለሚያነቃቃ ነገር ነጥብ ይሰጣል። ለየብቻቸው ብዙ አይረቡም። አንድ ውህድ በአንድ መጠን ሁለቱንም ካለፈ ግን እኔ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ፤ የሚያስተኛ ብቻ ቢሆን የመዋኘቱ ፈተና ላይ ይወድቃል፣ የሚያነቃቃ ብቻ ቢሆን ሳጥኑ ውስጥ ያጋልጠዋል። የኛ ሰዎች ሁለቱን በተለያየ መጠን ነበር የሠሩት። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ክሎክ የሚባለው ጂን የተለወጠባቸው አይጦች ከሁሉም ይሻሉኛል። ያለምንም መርፌ እንቅልፋቸው ትንሽ ነው፣ አደጋ አይፈሩም፣ ሊቲየም ሲሰጣቸው ወደ ጤነኞቹ ጠባይ ይጠጋሉ። ውድ ናቸው እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቁ፦ ውጤቱን የሚመዘግበው ሰው የትኛዋ አይጥ ምን እንደወሰደች ያውቃል? አላውቅም ቢልም አትመኑት። ሊቲየም ውኃ ያስጠማል፣ ሽንት ያበዛል፤ የሊቲየሞቹ ጎጆ ጉዝጓዙ ርሶ በጠረኑ ብቻ ይለያል። ቪዲዮውን ጎጆዎቹን ያላየ ሌላ ሰው እንዲቆጥረው በውሉ ላይ አስጽፉ። እኛ ለሁለተኛው ዙር አስጽፈናል፣ ዋጋ ጨመሩብን።