ሺዳዎችን ፍለጋ ስምንት ወር፦ የ«ሰቨን ሶልጀርስ» አራት ጥራዞች እኔ ጋ

መጽሐፍ በገዙ በሳምንቱ ግምገማ መጻፍ ቀላል ነው። ሽፋኑ ያብረቀርቃል፣ ገጹ ገና አልተጨማደደም፣ ሰውም የገዛውን ነገር ለመውደድ ይቸኩላል። እኔ ይህን የምጽፈው አራቱ ጥራዞች እጄ ከገቡ ስምንት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የመጀመሪያው ጥራዝ ጀርባ ሁለት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል፤ የአራተኛው ጠርዝ በጣቴ ወዝ ጠቁሯል። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የመጀመሪያውን ንባብ እንደጨረስኩ ብጽፍ ኖሮ «ሥዕሉ ግሩም፣ ታሪኩ ዝብርቅርቅ» ብዬ እገላገል ነበር። ደግነቱ አልጻፍኩም።

ለማያውቀው ሰው፦ «ሰቨን ሶልጀርስ» (ሰባት ወታደሮች) ስኮትላንዳዊው ደራሲ ግራንት ሞሪሰን የጻፉት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተናጠል ቁጥሮች (ቀጫጭን እትሞች) የወጣ የሱፐርሂሮ ኮሚክ ነው። ሰባት ጀግኖች አሉት። እያንዳንዱ ጀግና አራት ቁጥር ያለው የራሱ ተከታታይ አለው፤ ከፊት አንድ መክፈቻ፣ ከኋላ አንድ መዝጊያ ሲጨመር 30 ቁጥር ይሆናል። ሰባቱ ሠዓሊያቸው ለየብቻ ነው፣ መቼታቸውም ለየብቻ። አንድ ላይ ቆመው የሚዋጉበት ትዕይንት ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ እስከ መጨረሻው ገጽ በከንቱ ይጠብቃል።

እኔ ያለኝ ቁጥሮቹ በወጡበት ቅደም ተከተል ገደማ ተሰባጥረው የተጠረዙባቸው አራት ለስላሳ ሽፋን ጥራዞች ናቸው። አዲስ አልነበሩም። ሻጩ «እንደ አዲስ» ያለው ሦስተኛው ጥራዝ አንድ ጥጉ ውሃ ነክቶት ሞገድ ሠርቶ ነው የደረሰኝ። ማንበብ አይከለክልም፤ ግን በነካሁት ቁጥር ያናድደኛል።

የገዛሁት ለጀግኖቹ ብዬ አልነበረም። ልቤን የሳቡት ጠላቶቹ ናቸው፦ ሺዳዎች። ስማቸው የተወሰደው ከአየርላንድና ከስኮትላንድ አፈ ታሪክ ነው። እዚያ «ሺ» የሚባሉት፣ ከመሬት ጉብታ ሥር ይኖራሉ፣ ሰው ሰርቀው ይወስዳሉ ተብሎ የሚፈሩ መልከ መልካም ረቂቆች ናቸው። የሞሪሰን ሺዳዎች ግን የሚመጡት ከጊዜ ማዶ ነው። ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በኋላ፣ ፀሐይ ደክማ ምድር ስታረጅ፣ ከሰው ዘር የተረፉት የመጨረሻ ተወላጆች እነሱ ናቸው። የራሳቸው ዘመን ምንም አያበቅልላቸውም። ስለዚህ በሚሽከረከር ግንብ ተሳፍረው ወደ ኋላ እየተጓዙ፣ ሥልጣኔ እስኪጎመራ ጠብቀው ያጭዱታል። ዘመቻውን የሚጠሩበት የእንግሊዝኛ ቃል የታረሰ መሬት መከስከስንም ማውደምንም ይሰማል፤ እኔ «አጨዳ» እለዋለሁ።

አጨዳው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ንባብ ያለፈኝ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ሺዳዎች ሁሉን አይጨርሱም። አንበጣ ጠራርጎ ይሄዳል፤ እነዚህ ግን ዘር ያስቀራሉ። ጥቂት ሰው ይተዋሉ። ያ ጥቂት ይራባል፣ ከተማ ይቆረቁራል፣ ይበለጽጋል፤ ከዚያ ተመልሰው ይመጣሉ። እርሻቸው እኛ ነን ማለት ነው። ይባስ ብሎ የሚያርዱት የገዛ ቅድመ አያቶቻቸውን ነው። ወራሪ ከሌላ ፕላኔት ሲመጣ «የሌላ ነው» ብሎ መጥላት ይቻላል። እነዚህ ግን ልጆቻችን ናቸው፤ ርቧቸው ነው የመጡት።

የመጀመሪያው ንባብ ሁለት ወር ገደማ ወሰደ፤ እንደ ተጠረዘው፣ ከፊት ወደ ኋላ። መክፈቻው ላይ ቪጂላንቲ የሚባል ያረጀ የካውቦይ ጀግና በጋዜጣ ማስታወቂያ ዓይነት ሰው ሰብስቦ በአሪዞና በረሃ ግዙፍ ሸረሪት ሊያድን ይወጣል። ሰባት መሆን ነበረባቸው፤ የተገኙት ስድስት ናቸው። ሺዳዎቹ ይመጣሉ፣ ቡድኑም ያልቃል። ደራሲው ገና በመክፈቻው የሚያስወድዷትን፣ ሁሉን በራሷ አንደበት የምትተርክልንን ሴት፣ ዊፕን፣ ከነተስፋዋ ይቀብሯታል። እኔ እንግዲህ «ታሪኩ የነሱ ነው» ብዬ ተመቻችቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ከካሜሎት፣ ከአፈ ታሪኩ ንጉሥ አርተር ከተማ፣ ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒው ዮርክ ምድር ባቡር ወንበዴዎች፣ ከዚያ ወደ ሌላ። በየ22 ገጹ ሌላ ሰው፣ ሌላ ቀለም። ሁለተኛው ጥራዝ አጋማሽ ላይ ለሦስት ሳምንት ትቼው ነበር።

ስድስት መሆናቸው ነገር እንዳለው የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሰባት ወታደሮች የሚባለው ቡድን የሞሪሰን ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1941 «ሊዲንግ ኮሚክስ» ላይ የታየ ጥንታዊ ቡድን ነው። በ1972 ደግሞ ያ ቡድን ኔቡላ ማን ከሚባል ጠላት ጋር ተዋግቶ በጊዜ ውስጥ እንደተበተነ ተጻፈ። ሞሪሰን ያንን ኔቡላ ማን አንስተው ለሺዳዎች ንግሥት አደን የሚወጣ አዳኝ አደረጉት፤ ስሙንም ኔ-ቡ-ሎ ብለው በጥንታዊ አጠራር አጣመሙት። ቃሉን ጮክ ብሎ ላልደገመ አንባቢ ግንኙነቱ አይታይም። እኔም የታየኝ በአምስተኛው ወር፣ ስሙን ለሰው ሳነብለት ነው። ድንገት አፌ ላይ ቀረ።

ሁለተኛው ንባብ በጀግና በጀግና ነበር። ይህ ማለት አራቱንም ጥራዞች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ የአንዱን ባለ ታሪክ አራት ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለሉ ማንበብ ነው። የመጀመሪያው ጥራዝ ጀርባ የተሰነጠቀው ያኔ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ወፍራም ለስላሳ ሽፋን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ በግድ አይዘረጋም። ግን ዋጋ ነበረው። እንዲህ ሲነበብ፣ እያንዳንዱ ጀግና የሚያየው የየራሱን ሺዳ ብቻ መሆኑ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ለሻይኒንግ ናይት ሺዳ ማለት ካሜሎትን ያፈረሰ፣ ጓደኞቹን የጨረሰ ሠራዊት ነው። ሲሞኔ ቢያንኪ ሲሥሉት ሁሉም ነገር ግዙፍና ያጌጠ ነው። ወጣቱ ፈረሰኛ በጊዜ ውስጥ ወድቆ ሎስ አንጀለስ ይገኛል፤ ቋንቋውን የሚሰማ የለም፣ ባለ ክንፍ ፈረሱም ጠፍቶታል። እዚህ ሺዳዎች የሚልኩበት መሣሪያ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም፦ ጸጸት። ስሙም ሥራውም ጸጸት የሆነ ጭራቅ ተከትሎት እየመጣ፣ በሕይወት መትረፉን እንደ ወንጀል ይቆጥርበታል። ሰይፍ ከሚመዝ ጭራቅ ይልቅ ይሄኛው ያስፈራኛል።

ለክላሪዮን ደግሞ ሺዳ የቤተሰብ ምስጢር ነው። ክላሪዮን ከኒው ዮርክ ከተማ ሥር፣ ፀሐይ አይቶ በማያውቅ መንደር የሚኖር ወጣት ጠንቋይ ነው፤ መንደርተኞቹ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጠፉት የሮአኖክ ሰፋሪዎች ተወላጆች ናቸው። የሮአኖክ ነገር እውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1587 በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ ሰፍረው የነበሩ እንግሊዛውያን በ1590 ሲፈለጉ ደብዛቸው አልተገኘም። ሞሪሰን ክፍተቱን በሺዳ ንጉሥ ይሞሉታል፦ ከዙፋኑ የተባረረው ሜልሞት ከሰፋሪዎቹ ሴቶች ወልዷል። እንግዲህ እነዚያ አጥባቂ ሰዎች ወራሪው ሲመጣባቸው የሚዋጉት ከዘመዶቻቸው ጋር ነው። ፍሬዘር ኧርቪንግ ይህን ሁሉ በቀዝቃዛ ሰማያዊ ቀለም ነክረውታል። በአራቱም ጥራዞች ውስጥ ደጋግሜ የምከፍተው ገጽ የእሳቸው ነው።

ሦስተኛውን ንባብ የጀመርኩት በስድስተኛው ወር ነው፤ ጀግኖቹን ትቼ ሺዳዎቹን ብቻ በማስታወሻ ደብተር እየተከተልኩ። በዝንብ ተቀምጠው የሚበሩትን፣ ሰው አንገት ሥር ተጣብቀው ሰውየውን እንደ በቅሎ የሚነዱትን ትንንሾች፣ አንድም ሳልዘል። ያኔ ከሥር የተቀበረው ተረት ብቅ አለ። ንግሥት አለች፣ ግሎሪያና ቴኔብሬ። የእንጀራ ልጅ አለቻት። ንግሥቲቱ ልጅቷን እንዲገድላት አዳኙን ትልካለች፤ አዳኙ ይራራላታል። በልጅነታችን የሰማነው የበረዶዋ ልጅ (ስኖው ዋይት) ተረት ነው! ግን ተረቱ በአንድ ቦታ አይነገርም። ልጅቷ ሚስቲ የምትባል ሆና የአስማተኛዋ ጀግና የዛታና ታሪክ ውስጥ ናት፤ የአዳኙ ርኅራኄ ዋጋ የሚከፈለው ደግሞ በፍራንከንስታይን ታሪክ ውስጥ ነው። ያች አንዲት የምሕረት ቅጽበት ኔ-ቡ-ሎ ላይ እንደ ስንጥቅ ቀርታለች። ዛታና አታውቀውም፣ ፍራንከንስታይንም አያውቀውም። የሚያውቀው አንባቢው ብቻ ነው፤ እሱም ሁለቴ ካነበበ።

ፍራንከንስታይን ካነሳሁ አይቀር፦ ዳግ ማንኪ የሣሉት አራት ቁጥር ለደከመው አንባቢ መድኃኒት ነው። ትልቅ ሰይፍ፣ ትልቅ ሽጉጥ፣ አጭር ንግግር፣ ማርስ ላይ ሥጋ በል ፈረሶች። ደም ሥሩ ውስጥ የሚዘዋወረው የማን ደም እንደሆነ ሲገለጥ ግን ቀልዱ ይቆማል።

ያልወደድኩትም አለ። ከሰንሰለት የሚያመልጠው የሚስተር ሚራክል አራት ቁጥር ከሺዳዎች ጋር ያለው ዝምድና እጅግ ሩቅ ነው። ሠዓሊውም ከመጀመሪያው ቁጥር በኋላ ተቀይሮ ወጥነቱ ተበላሽቷል፤ በሦስተኛው ንባብ ጭራሽ ዘልዬዋለሁ፣ ምንም አልጎደለብኝም። ቡሌቲር ቆዳዋ ብረት የሆነ ሴት ናት፤ ታሪኳ ጀግኖችን በሥጋ ምኞት ስለሚያይ ዓለም ይተቻል፣ ሥዕሉ ግን ራሱ ያንኑ ሲያደርግ ይታያል። ትችት ነው ወይስ ሰበብ? ስምንት ወር አስቤ አልወሰንኩም። (ከመክፈቻው የቀረችው ሰባተኛ ሰው እሷ መሆኗ ግን ጥሩ ነው። ፈርታ በመቅረቷ ነው የተረፈችው።)

መዝጊያው ደግሞ ጉዳይ ነው። ወራት ዘግይቶ በ2006 መጨረሻ የወጣ፣ ጄ. ኤች. ዊሊያምስ ሦስተኛ የሣሉት አንድ ቁጥር ነው፤ ሰባት ታሪክ እዚያች ውስጥ እንዲያልቅ ተፈርዶበታል። ዊሊያምስ በየገጹ የሌሎቹን ሠዓሊዎች እጅ እየተዋሱ ይሥላሉ፤ አንዱ ገጽ እንዲያውም ሙሉ የጋዜጣ ገጽ ነው፣ ከነመስቀልኛ ቃላቱ። መጀመሪያ ሳነበው ገጽ የጎደለ መስሎኝ ቁጥሩን ቆጥሬያለሁ። አልጎደለም። የንግሥቲቱ ፍጻሜ በእኔ ግምት አንድ ገጽ ተጨማሪ ይገባው ነበር፤ እንዴት እንደሚሆን ግን አልናገርም።

ስለ ዕቃነቱ ባጭሩ። ጥራዞቹ ተኝቶ ለማንበብ ይመቻሉ፣ ከባድ አይደሉም። ሁለት ገጽ የሚሸፍኑ ሥዕሎች መሃል ለመሃል መጋጠሚያው ውስጥ ይሰምጣሉ፤ የሚሽከረከረውን ግንብ ሙሉውን ለማየት መጽሐፉን መጫን ግድ ነው፣ በጫኑት ቁጥር ደግሞ ጀርባው ይጎዳል። ወረቀቱ መብራት ስለሚመልስ የኧርቪንግን ጨለማ ገጾች ከመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን እንጂ በአምፖል አላነባቸውም። ሁሉም በአንድ ወፍራም ጥራዝ ተጠርዞ የወጣም አለ። እንደ እኔ ከገጽ ገጽ ለሚዘል ሰው ግን አራቱ ይሻላሉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን መክፈት ይቻላላ።

ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ ስለ ሺዳዎች ስለፈልፍ ሰምቶ «እስቲ አውሰኝ» አለኝ። ቸኩዬ፣ ፍራንከንስታይን ይማርከዋል ብዬ፣ ሦስተኛውን ሰጠሁት፤ ያንን ውሃ የነካውን። በአራተኛው ቀን መለሰው።

«ወራሪ ወራሪ ስትል የከረምከው የታለ?» አለኝ። «አንዷ ሴት ብረት ሆነች፣ አንዱ ሰውዬ ከሰንሰለት አመለጠ፤ ሌላ ምንም አላየሁም።»

የመጀመሪያውን ጥራዝ አወጣሁና የተሰነጠቀ ጀርባውን በፕላስተር ለጥፌ ሰጠሁት። እስካሁን አልመለሰም። ትናንት ማታ «ስድስት ናቸው እኮ፣ ሰባተኛው ማነው?» የሚል መልእክት ላከልኝ፤ አልመለስኩለትም።