ራይዘን 5 2600ን ጅማ ላይ ኦቨርክሎክ አድርጌ፣ ከወራት በኋላ

የቸኮለ ሰው ይህችን አንብቦ ይሂድ። ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰሩ በራሱ ከሚሄድበት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ በእጅ ማስተካከል ነው። ፕሮሰሰሬ አሁን ሁሉም ኮር (የስሌት ክፍሎቹ) 3.9 ጊጋኸርዝ ላይ፣ በ1.275 ቮልት ይሠራል። የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርግበታለሁ። ማታ ሬንደር ላይ (ኤዲት የተደረገው ወደ መጨረሻው ቪዲዮ ፋይል ሲቀየር) ትቼው እተኛለሁ፣ ጠዋት ፋይሉ አልቆ ይጠብቀኛል። 4.0 ላይም አስኪጄዋለሁ፣ ቴስትም አልፎ ነበር። እዚያ ያላቆየሁበት ምክንያት ትንሽ ወሬ ስለሚፈልግ ጊዜ ያለው ይቀጥል።

ዕቃው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው። 6 ኮር፣ 12 ትሬድ አለው። መነሻ ፍጥነቱ 3.4፣ ቡስቱ (በራሱ የሚወጣበት ከፍተኛ ፍጥነት) 3.9 ጊጋኸርዝ ነው፤ ወረቀት ላይ 65 ዋት ይላል። ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣልኝ። የራይዘን ደግነቱ መልቲፕላየሩ (ፍጥነቱን የሚወስነው ቁጥር) ክፍት መሆኑ ነው። ኢንቴል ላይ ግን በአብዛኛው ስሙ መጨረሻ «ኬ» ያለበትን መፈለግ አለባችሁ። ማዘርቦርዱ ላይ ተጠንቀቁ፤ ኤ320 ቺፕሴት ያለው ቦርድ ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ አያደርግም፣ ሻጩም ይህን አይነግራችሁም። ቢ350፣ ቢ450 ወይም ኤክስ470 ይሁን። የኔ ቢ450 ነው።

እስቲ ትርፉን እናስላ። ምንም ሳልነካው ስድስቱም ኮር ሲጫኑ የኔ 3.7 አካባቢ ይቀመጣል፣ ቮልቴጁም 1.2 ገደማ ነው። 4.0 ለመድረስ 1.35 ቮልት ጠየቀኝ። ፍጥነቱ 8 በመቶ ጨመረ፤ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሬንደር በ56 ደቂቃ ያልቃል ማለት ነው። ደስ ይላል። ግን ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ብቻ አይደለም የሚያድገው፣ ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ስታሰሉት ለዚያች 8 በመቶ ከ35 በመቶ በላይ ተጨማሪ ኃይል ትከፍላላችሁ፣ ያ ሁሉ ደግሞ ሙቀት ሆኖ ክፍላችሁ ውስጥ ይለቀቃል። 3.9 ላይ ጭማሪው 20 በመቶ አይሞላም። ያው ሬንደር በ57 ደቂቃ ያልቃል። ልዩነቷ አንድ ደቂቃ ናት!

በዚያ ላይ በእጅ ስታስተካክሉት ፕሮሰሰሩ በራሱ የሚያደርገው ቡስት ይጠፋል። ከ3.9 በታች ካስቀመጣችሁት አንድ ኮር ብቻ የሚፈልግ ሥራ ላይ እንዲያውም ትከስራላችሁ።

ወደ ቴስቱ ልምጣ። ብዙ ሰው የፕሮሰሰር ፍጥነት መለኪያውን ሲኒቤንች አር23ን አንዴ አስኪዶ «ስቴብል ነው»፣ ማለትም ሳይሳሳት ይሠራል፣ ይላል። 10 ደቂቃ እኮ ነው። የሙቀቱን ነገር ፍንጭ ይሰጣል፣ በቃ። እኔ የማምነው ፕራይም95ን ነው። ፕሮግራሙ የተሠራው ግዙፍ ፕራይም ቁጥሮችን ለመፈለግ ነው። ቴስቱ ላይ መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ስሌቶችን ያሠራል፤ ፕሮሰሰሩ አንዷን ከሳተ ወዲያው ይይዘዋል። ስሞል ኤፍኤፍቲ የሚለው ምርጫ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ሜሞሪ) ውስጥ ስለሚሽከረከር ፕሮሰሰሩን ያነደዋል፣ ብሌንድ ደግሞ ራሙንም ይጨምራል።

4.0ን በ1.325 ቮልት ስሞክር ያየሁት ነገር አይረሳኝም። ኮምፒዩተሩ አልጠፋም። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ሙዚቃው ይጫወታል። ፕራይም95 ላይ ግን ስሌቱን ከተከፋፈሉት ወርከሮች አንዱ ቆሟል፤ ራውንዲንጉ (የማጠጋጋት ስህተቱ) 0.5 ሆነ፣ ከ0.4 በታች መሆን ነበረበት የሚል መስመር ጽፎ። ፕሮሰሰሩ ሒሳብ ተሳስቶ ዝም ብሏል ማለት ነው። ሰው ብሉ ስክሪን ይፈራል፤ እኔ የምፈራው ይሄንን ነው። ሰርግ ሬንደር ሲደረግ መልሱን የሚያርም ማንም የለም።

ጅማ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መብራት። ግልገል ጊቤ ጎረቤታችን ቢሆንም ክረምት ሲገባ፣ ነጎድጓዱ ሲጀምር፣ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱ አይቀርም። እና ቴስቱ ለሰዓታት ሄዶ ሄዶ ኮምፒዩተሩ ሪስታርት አደረገ እንበል። ፕሮሰሰሩ ነው ወይስ መብራቱ? «አምፖሉ አልጠፋም» ማለት መልስ አይሆንም። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ግን ያለ መብራት እንዲቆይ የሚጠበቅበት 16 ወይም 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። አንድ ዙር ከተዘለለ ዓይናችሁ ምንም ሳያይ ኮምፒዩተሩ ወድቆ ሊነሳ ይችላል። እናንተም ኦቨርክሎኩ ነው ብላችሁ ቮልቴጅ ትጨምራላችሁ። ነገም መብራቱ ይዘላል፣ ነገም ትጨምራላችሁ። እንዲህ እያላችሁ ደህናውን ፕሮሰሰር ትጠብሱታላችሁ።

ለመለየት መጀመሪያ የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ፣ ኢቨንት ቪወርን፣ ክፈቱ። ከርነል ፓወር 41 ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ መብራት ቢሄድም ሲስተሙ ቢወድቅም ያንኑ ነው የሚጽፈው፣ ዊንዶውስ በሥርዓት ሳይዘጋ ተነሳ ለማለት ያህል። አጠገቡ ዊያ ሎገር 18 ካለ ግን ስህተቱን የመዘገበው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው፣ መብራቱን አትውቀሱ። ምንም ከሌለ አሁንም እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ ስለዚህ እኔ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚተካ ዕቃ) ቴስት አልጀምርም። ተራው ዩፒኤስ እንኳ ወደ ባትሪ ለመዞር የሚፈጅበት ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው፣ ፓወር ሰፕላዩ ያንን ይችላል። አንዳንድ ሰው «ስታብላይዘር አለኝ» ይላል። ስታብላይዘር ባትሪ የለውም፤ የጠፋን መብራት ከየት ያመጣል?

ዩፒኤሱ ከገባ በኋላ 4.0 በ1.35 ቮልት ሌሊቱን በፕራይም95 አደረ፣ አንዲት ስህተት የለም። ኦሲሲቲ የሚባለውን ሌላ የፈተና ፕሮግራምም አለፈ። እኔም አለቀ ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ከረመዳን በኋላ የሰርጉ ወረፋ ሲጀምር ግን አንድ የ4ኬ ቪዲዮ በኤች265 (የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት) ሬንደር እያደረግኩ ፕሮግራሙ ድንገት ብቻውን ተዘጋ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ሌላ ቦታ ላይ ደርሶ ተዘጋ። ዊንዶውስ አልተነቃነቀም። ባለሰርጉ ደግሞ በየቀኑ «ወንድሜ፣ አላለቀም እንዴ?» እያለ ይደውላል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሙን ነው። ለዚህ ፕሮሰሰር በይፋ የተፈቀደው የራም ፍጥነት 2933 ነው፣ የኔ ራም በኤክስኤምፒ (ራሙን የሚያፈጥን ዝግጁ ምርጫ) 3200 ላይ ነበር። ወደ 2933 አወረድኩት፣ የራም መፈተሻውን ሜምቴስት86ንም አሳለፍኩት፣ ሬንደሩ ያው ይዘጋል። ራሙን እዚያው ትቼ ፕሮሰሰሩን ወደ 3.9 ሳወርደው መዘጋቱ ቆመ። ራሙን መልሼ 3200 አደረግኩት፣ አሁንም ሰላም። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ብነካ ኖሮ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ እየቀየራችሁ ሞክሩ።

ምክንያቱ ይመስለኛል የሥራው ጠባይ ነው። ፕራይም95 ፕሮሰሰሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሙሉ ጭነት ላይ ይዞት ይቆያል። ሬንደር ግን ይጫናል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይጫናል፣ ጭነቱ በዘለለ ቁጥር ደግሞ ቮልቴጁ ለቅጽበት ዝቅ ይላል። ኦሲሲቲ ላይ ጭነቱን የሚለዋውጥ ምርጫ አለ፣ እሱንም አስኪዱት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የራሳችሁ ሥራ ነው፤ ከዚህ በፊት የሠራችሁትን ረጅም ፕሮጀክት አውጥታችሁ ደጋግማችሁ ሬንደር አድርጉ። 1.4 ቮልት ሰጥቼ 4.0 ላይ መታገል እችል ነበር። ለአንድ ደቂቃ ብዬ? ይቅርብኝ።

ሙቀት። ቤቴ ቆርቆሮ ነው፣ የካቲትና መጋቢት ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ራሱ ይግላል። ከተማችን ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ነች፤ አየሩ በባህር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ፋን የሚጠርገው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የውጭ ሰው «በዚህ ኩለር 70 ዲግሪ» ብሎ ያሳያችሁን ቁጥር እዚህ አትጠብቁ። የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያው 95 ዲግሪ ነው፤ እኔ ክረምት ላይ ቴስት አድርጌ ያለፈውን በበጋ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደግሜ እፈትነዋለሁ። ማታ ብቻ የተፈተነ ኦቨርክሎክ ማታ ብቻ ነው የሚሠራው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ምንም ሳልቀይር ሙቀቱ ቀስ በቀስ ወጣ። ኬዙን ስከፍት የሂትሲንኩ (ሙቀቱን የሚበትነው ብረት) ክንፎች መሃል ግራጫ ነገር ተጋግሯል። ብናኝ ቢሆን በእፍታ ይሄድ ነበር፤ ይሄኛው ጣት ላይ ይጣበቃል። የከሰልና የዕጣን ጢስ ከአቧራው ጋር ተለውሶ ነው። በብሩሽና በስፒሪት አጸዳሁት፣ ቴርማል ፔስቱንም ቀየርኩ፣ 8 ዲግሪ ገደማ ወረደ። ጅማ ተቀምጦ ረከቦቱን ከሳሎን ማስነሳት የማይታሰብ ነው፣ ስለዚህ ኮምፒዩተሩን አነሳሁት። እማዬ ግን ፋኑን አሁንም አልወደደችውም፤ ቴስት ሲጀምር «ይሄ ነገር ሊበር ነው እንዴ?» ትላለች።

እና ይገዛ? ቢ450 ቦርድና ይሄ ፕሮሰሰር እጃችሁ ላይ ካለ 3.9 ላይ ደህና ነው፣ ነጻ 5 በመቶ ነው። ኦቨርክሎክ ለማድረግ ብቻ ኩለር፣ ዩፒኤስ ምናምን አዲስ የምትገዙ ከሆነ ግን ገንዘቡን አስቀምጡ። ያው ቦርድ ባዮሱ (ቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም) ከታደሰ ራይዘን 5 5600ን በአብዛኛው ይቀበላል፤ እሱ ሳይነካ ከኔው 4.0 በብዙ ይፈጥናል። እኔም ያገለገለ ዋጋው እስኪወርድ እየጠበቅኩ ነው። ባዮስ ስታድሱ ግን መሃል ላይ መብራት ከሄደ ቦርዱ ሊሞት ስለሚችል የዩፒኤሱ ባትሪ ሙሉ ይሁን፣ ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ካያችሁም ለነገ አሳድሩት። ከማደሳችሁ በፊት የቮልቴጅና የመልቲፕላየር ገጹን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ከታደሰ በኋላ ያስተካከላችሁት ሁሉ ይጠፋል።