ርካሽ ትኬት ቆርጬ ከሁለት ልጅ ጋር ለገጣፎ ስገባ

እስቲ የዘንድሮውን የክረምት ጉዟችንን ልንገራችሁ፣ በተለይ ልጅ ይዛችሁ አገር ቤት ለመግባት ትኬት እያያችሁ ያላችሁ እናቶች። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፣ ቤተሰቦቼ ደግሞ ለገጣፎ ናቸው፣ ከአያት አልፎ፣ አሁን ሸገር ሲቲ የሚሉት ውስጥ። ባሌ ፈቃድ ስላላገኘ ብቻዬን ነው የሄድኩት። ትልቁ ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ዓመት ከመንፈቅ።

ከፍራንክፈርት ቀጥታ ቦሌ የሚያደርሰው በረራ ለሦስታችን 2,350 ዩሮ አለኝ፣ በአንድ የአረብ ከተማ በኩል በርካሹ አየር መንገድ ግን 1,480። የ870 ዩሮ ልዩነት! በዚህ ብር ለእናቴ ስንት ነገር አይደረግም ብዬ ሌሊት አልጋ ላይ ተኝቼ በስልኬ ቆረጥኩት፣ ባሌ እንኳን "እስቲ አስቢበት" ሲለኝ "አንተ ደግሞ ሁሌ" ብዬ ነው የዘጋሁት። ያላየሁት ነገር ትኬቱ አንድ ትኬት አለመሆኑን ነው። ድረ ገጹ ሁለት የማይተዋወቁ አየር መንገዶችን ገጣጥሞ ነው የሸጠልኝ፣ ስለዚህ መሀል ላይ ሻንጣሽን ራስሽ ትቀበያለሽ፣ ኢሚግሬሽን አልፈሽ ትወጫለሽ፣ በአውቶቡስ ሌላ ተርሚናል ትሄጃለሽ፣ እንደ አዲስ ትሰለፊያለሽ፣ ሻንጣ መቀበያው ደግሞ በረራው 60 ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል። እኛ የጀርመን ፓስፖርት ስላለን ወጣን፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ግን ለመውጣት ቪዛ እንዳይጠይቋችሁ ቀድማችሁ አጣሩ፣ ሻንጣው ውጭ እናንተ ውስጥ እንዳትቀሩ።

የመጀመሪያው ጣጣ የመጣው ገና ከቤት ሳንወጣ ነው። ኦንላይን ቼክ ኢን ነፃ ነው፣ አየር ማረፊያ ላይ ግን ይከፈልበታል ይላል። እሺ ብዬ ስገባ "ሕፃን ይዘው የሚጓዙ ካውንተር ላይ ይቅረቡ" አለኝ። ሕፃኗ እኮ ወንበር የላትም፣ እቅፌ ላይ ነው የምትሄደው፣ ሻንጣም አይፈቀድላትም፣ ወረፋ ላይ ግን ሙሉ ሰው ሆና ትቆጠራለች። እንደ እድል ካውንተር ላይ ያገኘኋት ልጅ ክፍያውን ሳትጠይቀኝ አለፈች፣ እኔም አላስታወስኳትም።

ሁለተኛው ጣጣ የኪሎ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴም ነው። በለመድነው በረራ አንድ ሰው 23 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይዞ ነው የሚገባው፣ ሐበሻ ሁሉ ያንን ነው የሚያውቀው። እኔ የገዛሁት ለእኔ 20 ለልጁ 20 ነው፣ ያውም ለብቻው ተከፍሎበት። መሄዴ ሲሰማ የአደራ እቃ መጣ፣ የአንዷ መድኃኒት፣ የአንዷ የወንድሟ ጫማ፣ የአንዱ ላፕቶፕ፣ "እህቴ ትንሽ ናት አትከብድም" ተብላ የመጣች ካርቶን ደግሞ 4 ኪሎ ሆና ተገኘች። እምቢ ማለት አልችልበትም፣ ነገ እኔም እለምናቸዋለሁ። ስለዚህ ከሻንጣ የተረፈውን በእጅ ቦርሳ ጠቀጠቅኩት። የእጅ ቦርሳ 7 ኪሎ ነው የሚፈቀደው፣ የኔ 9.4 አለ። ልጄን ሁለት ጃኬት አልብሼ ኪሱን በቸኮሌት ሞላሁለት፣ እኔ የአደራውን ጫማ አደረግኩ፣ 43 ቁጥር ነው፣ እንደ ጀልባ እየጎተትኩት ሚዛኑ ጋ ተመለስኩ። 8.1። ተመልከቱልኝ፣ ለ1 ኪሎ ከ100 ግራም 75 ዩሮ። ጀርመንኛ የማውቀውን ያህል ተከራከርኩ፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ሲጀምር ከፈልኩ።

የአረቡ ከተማ ላይ ሁለተኛው በረራ አምስት ሰዓት ዘገየ። የሳንድዊች ኩፖን ለእኔና ለትልቁ ሰጡን፣ ትንሿ "ወንበር ስለሌላት" የላትም። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ እኔ በኋላ ነው ያወቅኩት። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ ቁጥሩ 261/2004 የሚባለው፣ ከኅብረቱ አገሮች የተነሳ ማንኛውም በረራ ላይ ይሠራል። ጉዞው ሁሉ በአንድ ቡኪንግ ከሆነ ደግሞ መሀል ላይ የዘገየውም ይታሰባል፣ አዲስ አበባን ለሚያህል ርቀት፣ ማለት ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ፣ ከአራት ሰዓት በላይ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ 600 ዩሮ ለአንድ ሰው ነው፣ ወንበር ለተገዛለት ልጅም ጭምር፣ ጥፋቱ የአየር ጠባይ ወይም እንደዛ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ካልሆነ በቀር። የኔ ግን ሁለት ትኬት ስለሆነ፣ ሁለተኛው ከአውሮፓ ውጭ ተነስቶ የአውሮፓ ባልሆነ አየር መንገድ ስለሆነ፣ ምንም። ዜሮ። ይሄን የምጽፈው እያረርኩ ነው።

ስንገባ ደግሞ ወንበራችን። ወንበር ለመምረጥ አልከፈልኩም፣ ልጅና እናትን አይለያዩም ብዬ። እኔ ረድፍ 9፣ የአምስት ዓመት ልጄ ረድፍ 27 መሀል ወንበር። ሆስተሷ "ሰው ለምኚ" አለችኝ። በረራው ከዓረብ ሀገር በሚመለሱ እህቶቻችን የተሞላ ነው፣ በዛ ሙቀት ሦስት ካፖርት ደርበው የለበሱ፣ እነሱም እንደኔ ከሚዛኑ አምልጠው። 9 ላይ አጠገቤ የነበረችው የደሴ ልጅ ገና ሳልጠይቃት ተነሳችና "ልጁን አምጪው እዚህ፣ እኔ እዛ እሄዳለሁ" ብላ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። በኋላ ትንሿ ስታለቅስ ሰምታ ከ27 መጣች፣ "አምጫት እስቲ፣ ክንድሽ ዝሏል" አለችና ወስዳ መተላለፊያው ላይ እሹሩሩ እያለች አመላለሰቻት። የወተት ዱቄት ይዤ ነበር፣ ሙቅ ውሃ ስጠይቅ የሻይ ዋጋ ነው አሉኝ፣ በካርድ ብቻ፣ ካርዴ ደግሞ ከላይ በቦርሳ ውስጥ። የደሴዋ ልጅ ብብቷ ሥር ሙቀቷን ይዛ የቆየች የውሃ ኮዳ አወጣች፣ በዛ በጠበጥነው። ስልኳን ሳልቀበላት ቦሌ ላይ በሰልፍ ተለያየን፣ አሁንም ይቆጨኛል።

ቦሌ ስንደርስ ሁለት ሻንጣ መምጣት ሲገባው አንዱ ብቻ መጣ። የቀረው ሹራብ ያለበት ነው። ነሐሴ ነው፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ዝናብ፣ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ልጆቼ ለአረቡ ከተማ ሙቀት ያለበስኳቸውን ቲሸርት እንደለበሱ ናቸው (ትልቁ ሁለት ጃኬቱን ለእህቱ አካፈላት፣ የኪሎው ተንኮል ጠቀመን ማለት ነው)። የሕፃኗ ጋሪ ደግሞ ለብቻው መጣ፣ የፊት እግሩ ተሰብሮ፣ ጎማው በጨርቅ ተንጠልጥሎ። አንድ ምክር፣ ከአየር ማረፊያው ሳትወጡ የጠፋ ሻንጣ መመዝገቢያ ጋ ሂዳችሁ ፎርሙን አስሞሉና ቁጥሩን ያዙ። የተሰበረ ዕቃ በ7 ቀን ውስጥ፣ የዘገየ ሻንጣ ደግሞ ከተረከባችሁ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላመለከታችሁ ነገሩ ያበቃል፣ የሞንትሪያል ስምምነት የሚባለው እንደዛ ነው የሚለው። እንቅልፍ እያዳፋኝ ቢሆንም ያን ብቻ በሥርዓቱ አደረግኩት። ሻንጣው በሦስተኛው ቀን መጣ፣ ቤት ድረስ እናመጣለን ያሉት ሰዎች ግን ለገጣፎ ስላቸው "እሱ ከከተማ ውጭ ነው፣ መጥተሽ ውሰጂ"። ከእኛ ቤት ቦሌ፣ በዝናብ፣ ሲኤምሲ ላይ መንገድ ተዘግቶ፣ ግማሽ ቀን።

ታክሲው ጥሩ ነበር። ተቀባይ ተርሚናሉ ውስጥ ስለማይገባ እህቴ ፓርኪንጉ ጋ ነው የጠበቀችን፣ በአፕ የጠራችው ሹፌር ለገጣፎ ሲባል ፊቱ ትንሽ ተቀየረ፣ "ከዛ ባዶዬን ነው የምመለሰው፣ መመለሻ ጨምሩልኝ" አለ፣ በ1,500 ብር ተስማማን። የልጅ ወንበር የለም፣ እዛ ማንም አይጠብቅም። ጀርመን 12 ዓመት እስኪሞላው ወይም 150 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ያለ ልጅ ወንበር መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ክልክል ነው፣ እኔ ደግሞ ትንሿን በነጠላ ከደረቴ ጋር አስሬ ነው የሄድኩት፣ ስጋቱ አንጀቴን እየበላኝ። ሹፌሩ ይሄን አይቶ ይሁን አላውቅም ቀስ ብሎ ነዳ።

አሁን ወደ ጋሪው። ለገጣፎ በክረምት ከአስፋልቱ ገባ ስትሉ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ ልጅ አዝሎ መሄድ እንጂ ጋሪ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል፣ ግን ስመለስ በዛ አየር ማረፊያ ሁለት ልጅ ተሸክሜ ተርሚናል ልቀይር? ስለዛ እህቴ አስፋልቱ ዳር ያለ ብየዳ ቤት ወሰደችኝ። ጋሼው በርና መስኮት ነው የሚሠሩት፣ ጋሪውን ገልብጠው እግሩን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉና "ይሄ አልሙኒየም ነው ልጄ፣ በዚህ ብየዳ ብነካው ይቀልጣል እንጂ አይያዝም" አሉኝ። ተስፋ ቆርጬ ላነሳው ስል "ማን ውሰጂ አለሽ" ብለው ከቁርጥራጩ ክምር ውስጥ አንድ ጣት የምታህል ቱቦላሬ መረጡ፣ የተሰበረውን ሁለት ጫፍ ከግራና ከቀኝ አስገቡበት፣ ልክክ አለ። በትራፓኖ ሊበሱት ሲሉ መብራት ሄደ። አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ ልጄ ብሎን በቆርቆሮ ሲለቅም፣ እኔ አጠገቡ ካለች ቡና ሁለት ሲኒ ጠጣሁ። መብራት መጣ፣ በሱ፣ ረዳታቸውን ባጃጅ ሠሪው ጋ ልከው ሁለት ብሎን ከነዳዶው አስመጡ፣ አሰሩት፣ በመጨረሻ ራሳቸው ክንዳቸውን ጣል አድርገው ተጫኑት። 600 አሉ፣ እህቴ 400 አደረሰቻቸው፣ እኔ ዝም፣ ዲያስፖራ መሆኔን አፌን ባልከፍትም ጫማዬ ተናግሯል። በእህቴ ቴሌብር ከፈልን።

የቀረው ሰሞን ጥሩ ነበር፣ ቡሄ ላይ የሰፈር ልጆች ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ ልጄ ቃሉን ሳያውቅ በዱላው መሬቱን እየደበደበ ሙልሙል ተካፍሎ ገባ።

መመለሻ ላይ ወንበር ገዛሁ፣ 96 ዩሮ። እናቴ የሰጠችኝ በርበሬና ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎም አለበት፣ ቦሌ ሚዛን ላይ 11 ኪሎ ትርፍ ሆነ፣ በኪሎ 14 ዩሮ። ጥለሽ ሂጂ ቢሉኝም አልጥለውም፣ 154 ከፈልኩ። ደግሞ አንድ የታዘብኩት፣ ቦሌ ስንወርድ ትንሿ ጆሮዋን አልነካችም፣ አረቡ ከተማ ላይ ስናርፍ ግን ጩኸቷ አይጣል ነው። ለካ አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደዛው ይጠጋል፣ ስለዚህ ለጆሮ የሚከብደው ወደ ባሕር ጠለል መውረዱ ነው። ጡጦዋን ቦሌ ላይ ጨርሼባት ነበር። ለዛኛው ማረፊያ አስቀሩላቸው።

ቤት ገብቼ ደመርኩት፦ ሻንጣ ደርሶ መልስ 260፣ የእጅ ቦርሳው 75፣ በአምስቱ ሰዓት ለልጆቹ የገዛሁት ምግብና ዳይፐር 85፣ ወንበር 96፣ በርበሬው 154። 670 ዩሮ። ካተረፍኩት 870 ላይ ሲቀነስ 200 ቀረኝ። ባሌ ወረቀቱን አየና ምንም አላለም፣ ዝምታው ነው ያናደደኝ።

አየር መንገዱ ለጋሪው ማመልከቻ ከስድስት ሳምንት በኋላ መለሰልኝ፣ የ40 ዩሮ ቫውቸር፣ በስድስት ወር ውስጥ እነሱው ላይ ብበር የሚሠራ። ጋሪው ግን መልሱን ጉዞ ችሎ መጣ፣ አሁን በሩ ጋ ቆሟል። ቱቦላሬዋ በፍራንክፈርት ዝናብ መዛግ ጀምራለች፣ ቀለም ልቀባት አስቤ እስካሁን አልገዛሁም።